ግራኝ ለሆነ አዳኝ፦ የካስተም ጠመንጃ አክሽን አመራረጥ

ጎንደር ውስጥ ስለ ጠመንጃ የሚያወራ ሰው አይጠፋም። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ለበን እያለ የሚዘረዝር ሽማግሌ በየሰፈሩ አለ። ሰርግ ላይ ፉከራው ሲሞቅም ስማቸው ይነሳል። ከነዚህ ውስጥ ግን ለግራኝ ተብሎ የተሠራ አይቼ አላውቅም። ማቀባበያቸው ሁሉ በቀኝ ነው። ግራኙ ወይ በቀኝ ትከሻው መተኮስ ይለምዳል፣ ወይ እጁን በላይ አሻግሮ ያቀባብላል። «ምን ይደረግ» ብሎ ይኖራል።

ዛሬ ግን ምርጫ አለ። በተለይ ውጭ አገር ለሚኖሩ፣ ፈቃድ አውጥተው አደን ለጀመሩ ልጆቻችን። የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ዴንቨር ነው፤ ግራኝ ነው፤ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ማደን ጀምሯል። ካስተም ጠመንጃ፣ ማለትም በራሱ ልክና ምርጫ የሚሠራ ጠመንጃ፣ ላሠራ ብሎ ከተነሳ ወዲህ የስልካችን ወሬ ሁሉ አክሽን ሆኗል። ለሱ የነገርኩትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው።

አክሽን የምንለው የጠመንጃውን ልብ ነው። ጥይቱን ከካዝና ተቀብሎ የሚያጎርሰው፣ የሚቆልፈውና ቀለሁን የሚተፋው የብረት ክፍል ማለት ነው። በርሜሉ ከፊቱ ይጠመዳል፣ ሰደፉ ከሥሩ ይገባል፣ ቃታው ከሆዱ ይንጠለጠላል። ስለዚህ አክሽኑ ከተገዛ በኋላ የቀረው ሁሉ የሚመረጠው በሱ ልክ ነው። ለቀኝ እጅ ሰው ይሄ ብዙ አያስጨንቅም፤ የትኛውንም ቢገዛ ዕቃ ሞልቷል። ግራኝ ግን ከብራንዱ በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ለዚህ አክሽን የግራ ዕቃ ይገኛል ወይ?

1. መጀመሪያ ዓይናችሁን እወቁ

በግራ እጁ የሚጽፍ ሁሉ በግራ ዓይኑ አያነጣጥርም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን ለዩ። ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉና በመዳፎቻችሁ መሀል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ። ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ነገር እዩ። ጎንደር ከሆናችሁ ከፋሲል ግንብ ማማዎች የአንዱ ጉልላት ይበቃል። ከዚያ አንድ ዓይን በየተራ ጨፍኑ። ክፍት ሆኖ ጉልላቱን ከቀዳዳው ሳይወጣ የሚያየው ዓይን ዋናው ዓይናችሁ ነው።

ግራ ዓይን ከሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ሚቀጥለው እለፉ። እጃችሁ ግራ፣ ዓይናችሁ ቀኝ ከሆነ ግን ቆም በሉ። ገና ጀማሪ ለሆነ ሰው ምክሬ በቀኝ ትከሻ መተኮስ ይልመድ ነው። ዓይንን ከማሠልጠን እጅን ማሠልጠን ይቀላል። ደግሞ የቀኝ አክሽን በየሱቁ ሞልቷል። ለዓመታት በግራ ትከሻው ሲተኩስ የኖረ ሰው ግን ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ በቴሌስኮፕ ቢቀጥል ይሻለዋል።

2. የግራ አክሽን በእርግጥ ያስፈልጋችኋል?

«ጋሼ፣ አንድ የቀኝ እጅ አክሽን በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?» ብሎ የእህቴ ልጅ ጠየቀኝ።

«ተኝተህ ነው የምትተኩሰው ወይስ ቆመህ?»

«ተራራ ላይ ነው እንጂ ጋሼ፣ የት እተኛለሁ!»

«እንግዲያው ተወው።»

ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ለሚተኩስ ግራኝ የቀኝ አክሽን ክፋት የለውም። ግራ እጁ ቃታው ላይ እንዳለ በቀኝ እጁ ያቀባብላል። እንዲያውም ይመቸዋል የሚሉ አሉ። አደን ላይ ግን ቀኝ እጅ ሥራ ላይ ነው፤ ጠመንጃውን ከፊት ደግፎ ይዟል። እሱ ከተነሳ አፈሙዙ ይወድቃል። ግራ እጅ በላይ ተሻግሮ ያቀባብል ከተባለ ደግሞ ጉንጭ ከሰደፉ ይነሳል፣ እንስሳው ከቴሌስኮፑ ይጠፋል። ትክክለኛ የግራ አክሽን የያዘ ሰው ጉንጩን ሳያነሳ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ታች ብሎ ይጨርሳል። የቆሰለ አጋዘን ጫካ ከመግባቱ በፊት ሁለተኛዋን ጥይት የምታስገኘው ይህች እንቅስቃሴ ናት።

ሌላም አለ። በግራ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ፊቱ ከጠመንጃው በስተቀኝ ነው የሚያርፈው። የቀኝ አክሽን መስኮትም፣ ቀለሁ የሚወጣበት ማለት ነው፣ የሚከፈተው በዚያው በኩል ነው። ትኩስ ቀለህ በፊቱ ያልፋል። ቀለህ ቢሰነጠቅ ወይም ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ቢበሳ የሚወጣው ጋዝም ወደ ፊቱ ነው። አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው፤ ቢሆንም የመከላከያ መነጽር ሳታደርጉ አትተኩሱ፣ የግራውም ቢሆን።

3. ጥይቱን ሳትወስኑ አክሽን አትዩ

አክሽን በርዝመት ይለያያል። ርዝመቱን የሚወስነው ጥይቱ ነው። .308 ዊንቸስተር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢበዛ 71.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አጭር አክሽን ይበቃዋል። .30-06 እስከ 84.8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ረጅም አክሽን ይፈልጋል። .375 ኤች ኤንድ ኤች 91.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱ ከሁሉም የረዘመውን፣ የማግነም ልክ የሚባለውን ይጠይቃል።

ከርዝመቱ ሌላ የቦልቱ ፊት አለ። ቦልት የምንለው በእጀታው እየተሳበ ጥይቱን የሚያጎርሰውንና የሚቆልፈውን ብረት ነው። ፊቱ የቀለሁ ቂጥ የሚቀመጥበት ማለት ነው። ለ.308ም ለ.30-06ም 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነምና .300 ዊንቸስተር ማግነም 13.5 ገደማ ይፈልጋሉ። በርሜል መቀየር ቀላል ነው ብላችሁ የማይሆን ፊት ያለው ቦልት እንዳትገዙ።

ለግራኝ እዚህ ላይ የገበያ ጉዳይ ይገባል። የግራ አክሽን በብዛት የሚገኘው በተለመዱት ሁለት ልኮች፣ በአጭሩና በረጅሙ ነው። ወደ ማግነም ልክ ስትሄዱ ምርጫው ይመናመናል፣ ዋጋውም ይወጣል። ለአጋዘን ለሚሆን ጠመንጃ .30-06 አሁንም አላረጀም። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1906 ቢሆንም አሜሪካ ውስጥ ጥይቱ በየሱቁ አለ፣ የግራ አክሽኑም እንደዚያው። የእህቴን ልጅ ወደዚህ ነው የገፋሁት።

4. «ግራ» የተባለ ሁሉ ግራ አይደለም

አንዳንድ አሮጌ ጠመንጃ ላይ የቀኝ አክሽን እጀታ ተቆርጦ በግራ በኩል ተበይዶ ታገኛላችሁ። መስኮቱ ግን በቀኝ እንደሆነ ቀርቷል። ይሄ የግራ አክሽን አይደለም። ቀለህ የሚያላቅቀው ተዳፋት፣ ካፕሱሉን የሚመታውን መርፌ የሚወጥረው ጎድጎድ፣ የመቆለፊያ ጥርሶቹ አቀማመጥ ሁሉም ለቀኝ የታሰቡ ናቸው። በርካሽ ቢሰጧችሁም አትንኩት።

እውነተኛው የግራ አክሽን በመስታወት እንደታየ ሁሉ የተገለበጠ ነው። እጀታው በግራ፣ መስኮቱ በግራ፣ ቀለሁ የሚወጣው ወደ ግራ። የቦልት መልቀቂያውና ሴፍቲው (ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚከለክለው) የት እንዳሉም እዩ። አክሽኑን ገልብጦ ሴፍቲውን ለቀኝ አውራ ጣት የተወ ሠሪ አይጠፋም።

የማይገለበጥም አለ። ጀማሪ ሁሉ «የበርሜሉ መጥመጃ ጥርስም ወደ ግራ ነው?» ይላል። አይደለም፤ በርሜሉ እንደ ቀኙ ነው የሚጠመደው። ካዝናውና ከሥር ያለው ብረትም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። የሚለየው ሰደፉ፣ ቃታውና የቴሌስኮፕ መቀመጫው ነው። ሰደፉ ለእጀታውና ለመስኮቱ በግራ በኩል የተቦረቦረ መሆን አለበት። ቃታው ሴፍቲ ያለበት ከሆነ ማንሻው በግራ መሆን አለበት። አንድ ወጥ የሆነ የቴሌስኮፕ ሐዲድ መስኮቱ ላይ ጎረድ የተደረገ ከሆነ ደግሞ ጉርዱ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ፎቶ ይላክላችሁ።

5. ገበያው ላይ ማን አለ?

ሁሉን አልዘረዝርም። የምላችሁ አክሽኑን ከማየታችሁ በፊት የሰደፍና የቃታ ሠሪዎችን ዝርዝር ክፈቱ ነው። የግራ ሰደፍ ለየትኛው አክሽን ይሠራሉ? መልሱ ብዙ ጊዜ ሬሚንግተን 700 ነው።

ሬሚንግተን 700 እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ ነው። የአሜሪካ ካስተም ሠሪዎች ለዓመታት መነሻ ያደረጉት እሱን ነው። ማክሚላንና ማነርስ የግራ ሰደፍ ይሠሩለታል፤ ጁዌልና ትሪገርቴክ የግራ ቃታ አላቸው። ኩባንያው በ2018 እና በ2020 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አውጆ ባለቤት ቀይሯል። የግራ አክሽኑን ስትፈልጉ ሁለተኛ እጅ ጠመንጃ ላይ ማተኮር አያሳፍርም። ሙሉ ጠመንጃ ገዝቶ፣ አክሽኑን አስቀርቶ የቀረውን መሸጥ የተለመደ መንገድ ነው።

ገንዘብ ያለው ሰው በዚሁ በ700 ልክ የሚሠሩ ካስተም አክሽኖችን ይይ። ዲፋያንስ፣ ስቲለር፣ ዜርማት የግራውን ያወጣሉ። ብዙዎቹ ከ1,000 ዶላር በላይ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ንጹሕ ነው፣ ብረቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ባለሙያው ለማስተካከል ብዙ አይደክምም። ዋናው ጥቅም ሌላ ነው፦ አክሽኑ ውድና ብርቅ ሆኖ ሰደፉና ቃታው የትም የሚገኝ ይሆናል። አንድ ነገር ግን እወቁ። የግራው በትንሽ በትንሹ፣ በተራ ነው የሚመረተው። ካለቀ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ነው። ስለዚህ የጥቅምት አደን ያሰበ ሰው በነሐሴ አይዘዝ።

ሳቬጅ 110ን ሰዎች ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወጣ፣ በዓመቱ የግራው ተከተለ። ሌሎች ትልልቅ ፋብሪካዎች ግራኝ መኖሩን ገና ሳያስቡ ማለት ነው። በርሜሉ በትልቅ ነት ስለሚታሰር መቀየሩ ቀላል ነው። የቦልቱ ጭንቅላትም ስለሚፈታ የቦልቱን ፊት ከ12 ወደ 13.5 ሚሊ ሜትር መቀየር ይቻላል። ቦልቱ ሲሳብ እንደ ውዱ አይንሸራተትም፤ ኪሳችሁ ካልፈቀደ ግን እሱን ይዛችሁ ሩጡ።

የፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስ ቦልቱ እንደ ቅቤ ነው፣ የግራም አለው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ጠመንጃ ሆኖ ነው የሚሸጠው። ለሁሉም ጥይት አንድ ርዝመት ነው የሚጠቀመው፤ በአጭር ጥይት ክብደት ለመቀነስ ያሰበ ሰው እዚህ አይቆጥብም። ሩገር ሆክአይም የግራ አውጥቷል፤ እሱም እንደዚያው በሙሉ ጠመንጃ።

የማውዘር ፍቅር ያለበት ሰው አለ፤ የጎንደር ልጅ ከሆነማ ይገባኛል። የሰርቢያው ዛስታቫ ኤም70 የማውዘር 98 ዘር ነው፣ የግራም ይሠራል። አጨራረሱ ሸካራ ነው፤ ባለሙያ እጅ ሲገባ ግን ይለሰልሳል።

6. ጥፍር ወይስ ግፊት?

ማውዘር 98 ጥይቱን ከካዝና እንዳነሳ በረጅም ጥፍር ቆንጥጦ ይይዛል፤ እስኪተፋው ድረስ አይለቅም። ሬሚንግተን 700ና ሳቬጅ ጥይቱን ወደ ፊት ገፍተው፣ ቦልቱ ሲዘጋ ነው የሚይዙት። የአንበሳና የጎሽ አዳኞች የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ በድንጋጤ ግማሽ መንገድ አቀባብሎ ቢመልስ ሁለት ጥይት እንዳይጋጭበት። ለአጋዘን ይሄ ክርክር የቡና ወሬ ነው። በግፊት የሚሠራው ለብዙ ሰው ይበቃል።

ቦልቱ ለመከፈት ምን ያህል እንደሚነሳ ግን እዩ። ባለሁለት መቆለፊያ ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ 90 ዲግሪ ይነሳል፣ ባለሦስት ጥርሱ 60 ዲግሪ ገደማ። ትንሽ የሚነሳው ከቴሌስኮፑ ዓይን ጋር አይጋጭም፤ ጓንት ላደረገ ሰው ደግሞ ምቹ ነው። በምትኩ መርፌውን በአጭር መንገድ ስለሚወጥር ከበድ ይላል። ሁለቱንም በእጃችሁ ሳትሞክሩ አትወስኑ።

7. እጃችሁ ላይ ሲደርስ

አሜሪካ ውስጥ አክሽኑ ብቻውን እንደ ጠመንጃ ነው የሚቆጠረው። መለያ ቁጥሩ ያለበት እሱ ላይ ነው። በፖስታ ቤታችሁ አይመጣም፤ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል፣ ፎርም ሞልታችሁና ተጣርታችሁ ነው የምትረከቡት። ነጋዴው ፊት እያላችሁ መርምሩት።

ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ከዚያ ቦልቱን ቀስ ብላችሁ አንሱ። እጀታው ወደ ላይ መጨረሻው ሲደርስ ቦልቱ በራሱ ትንሽ ወደ ኋላ ሸርተት ማለት አለበት። ቀለህ ከጥይት ቤቱ ተላቆ የሚወጣው በዚያች ሸርተቴ ነው። ዝም ብሎ ተሽከርክሮ የሚቆም ከሆነ እጀታው በትክክል አልተበየደም፤ ትኩስ ቀለህ ላይ ይጣበቅባችኋል። ሁለተኛ፣ የመቆለፊያ ጥርሶቹን ጀርባ በእስክሪብቶ ማርከር ቀቡና ባለሙያው መርፌውን ፈትቶ ቦልቱን ደጋግሞ ይክፈት ይዝጋው። ቀለሙ ከሁሉም ጥርስ ላይ ከለቀቀ እኩል ተሸክመዋል። ከአንዱ ላይ ብቻ ከለቀቀ ጭነቱ የአንዱ ነው፤ ይስተካከል።

በርሜሉ ተጠምዶ ካዝናው ከገባ በኋላ በማስመሰያ ጥይት ሞክሩ። በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት፣ ከዚያ አፈሙዙን ወደ ላይና ወደ ታች አድርጋችሁ። ቀለሁ ወደ ግራ ሲወጣ ምን እንደሚነካ እዩ። የጎን ማስተካከያ ቁልፍ ያላቸው ቴሌስኮፖች ቁልፉ ያለው በግራ ነው፤ ልክ በናንተ መስኮት በኩል። ለአደን ያ ቁልፍ የሌለው ቀላል ቴሌስኮፕ ይበቃችኋል።

በርሜል መጥመድንና የጥይት ቤቱን ልክ በመለኪያ መፈተሽን ለባለሙያ ተዉ። እዚያ ላይ የዩቲዩብ ዕውቀት አይበቃም።

8. ሰደፉ

ሰደፍ ላይ ግራኝ ሦስት ነገር ይለያል። የጉንጭ ማሳረፊያው በቀኝ ጎኑ ነው። እጅ የሚይዘው እብጠት ለግራ መዳፍ ነው። ጅራቱም ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ይላል።

የእህቴ ልጅ ለጥምቀት መጥቶ ሳለ አናጢ ዘንድ ወስጄው ከዋንዛ የሰደፍ ሞዴል አስቀርጸን ነበር። ዋንዛ ለመቅረጽ ገር ነው፤ ለእውነተኛ ሰደፍ ግን ርግጫውን አይችልም። ከቃታው እስከ ትከሻው ያለውን ርዝመት ለማግኘት ነበር የፈለግነው። ብዙ ፋብሪካ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ወፍራም ጃኬት አስለብሼው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ትከሻው እንዲያነሳ፣ ከዚያ እንዲከፍት አደረግኩ። ዓይኑ ሲከፈት መስመሩ ላይ ካልዋለ አናጢው ይልጋል። ልኩን ጽፎ ይዞ ሄደ፣ ዴንቨር ላለው ሰደፍ ሠሪ ሰጠው። ይሄን የምታደርጉ ከሆነ ኋላውን ብቻ አስቀርጹ። የጠመንጃ መልክ ያለው እንጨት ይዞ አራዳ ላይ መዞር በዚህ ጊዜ አይመከርም።

9. ይዤው ልምጣ ለምትሉ

አትምጡ፤ ቢያንስ ሳትጠይቁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማን ምን እንደሚይዝና እንደሚያስገባ ይወስናል። አደን ደግሞ በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ በተከለለ የአደን ቀጣና ብቻ ነው። ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። ዋልያን በካሜራ እንጂ በሌላ ማነጣጠር ወንጀል ነው።

10. መለዋወጫውን አብራችሁ ግዙ

አክሽኑን ባዘዛችሁበት ቀን ትርፍ ጥፍር፣ ትርፍ መርፌና ስፕሪንግ እዘዙ። በተለይ ጥፍሩን። የማውዘር ዓይነት ከሆነ የግራው ጥፍር ከቀኙ ጋር አይገጥምም። የአደን ወቅት መሀል ላይ ቢሰበር የቅርቡ ሱቅ ሳጥን ሙሉ የቀኝ ጥፍር አውጥቶ ነው የሚያሳያችሁ። የእህቴ ልጅ ትርፉን በትንሽ ቆርቆሮ አድርጎ ከጥይቱ ጋር ይይዛል። የቴሌስኮፕ መቀመጫው ብሎኖች ቁልፍም እዚያው ውስጥ ይግባ፤ እነሱ ለግራም ለቀኝም አንድ ናቸው፣ ግን ተራራ ላይ ሲላሉ የሚያበድር ሰው የለም።